አልማዝ ባለጭራና የአባቴ ቀኝ ዓይን

አባቴ መታመማቸውን የነገሩኝ እንደ ምሥራች ነው። ስልኩን አንስቼ ገና ደህንነታቸውን ሳልጠይቅ፣ "ያ የምትማሪው በሽታ እኔው ላይ ወጣልሽ!" አሉኝ። ደስ ብሏቸዋል። የልጃቸው ትምህርት ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት አቅቷቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ግንባራቸው ላይ የሚያሳዩት ነገር አገኙ።

የምሠራው ባሕር ዳር ነው። ከዕፅዋት የሚወጡ ንጥረ ነገሮች የሄርፒስን ቫይረስ ይገቱ እንደሆነ እመረምራለሁ። ሄርፒስ የሚለውን ቃል አገር ቤት የሚያውቀው የለም፤ በሽታውን ግን የማያውቀው የለም። ፀሐይ ላይ ውለው ሲገቡ ከንፈር ላይ ጉብ ጉብ የሚለው ምች የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው። በአንድ ወገን ብቻ እንደ መቀነት እየተሳበ ውሃ የሚቋጥረው፣ እንደ እሳት የሚለበልበው አልማዝ ባለጭራም የቅርብ ዘመዱ ነው። ለምች ዳማከሴ ተጨምቆለት ያልጠጣ የጋይንት ልጅ ያለ አይመስለኝም። እኔ ያንኑ ዳማከሴና ሌሎች ጥቂት ቅጠሎችን ወስጄ አደርቃለሁ፣ እፈጫለሁ፣ በአልኮል እዘፈዝፋለሁ፣ አጣራለሁ፤ ከዚያም በመስታወት ዕቃ ውስጥ ከቫይረሱ ጋር አፋጥጣቸዋለሁ። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ በስልክ ሳስረዳቸው አባቴ የሰሙት ቅጠል ቫይረስ ይገታል የሚለውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በደብሩ ግቢ ላገኙት ሁሉ "የእኛን ቅጠል ልጄ ዩኒቨርሲቲ ወስዳ አስመሰከረችለት" ሲሉ ከርመዋል።

አባቴ የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንቷ ቤተ ልሔም ተምረው፣ ከዚያው ብዙ በማትርቅ ደብር ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል። እኔም ልጃቸው ሆኜ ሳለ የኔታ ነው የምላቸው፤ አባባ ብዬ ብጠራቸው የሚዞሩልኝም አይመስለኝ።

"የት ላይ ነው የወጣብዎት የኔታ?" አልኳቸው።

"በቀኝ ግንባሬ ነው፤ ወደ ቅንድቤ ወርዷል። ዓይኔም አብጦ ተከድኗል። ምንም አይደለም።"

እኔ ግን ያሰብኩት ዓይናቸውን ነው። የአባቴ ግራ ዓይን በሞራ ከተሸፈነ ቆይቷል፤ ሰው መምጣቱን እንጂ ማን እንደመጣ አያሳያቸውም። ሞራውን ይገፈፉ ብዬ ስለምናቸው "አንዷ ትበቃኛለች፤ ሁለት ቢሆን የማየው ያንኑ አይደል?" እያሉ ሲያሾፉብኝ ኖረዋል። መጽሐፉን የሚያነቡት፣ ከፊደሉ በላይ የተጻፉትን ደቃቅ የዜማ ምልክቶች የሚለዩት በቀኟ ብቻ ነው። ያቺ ከጠፋች አባቴ ዕውር ናቸው።

ደብረ ታቦር የሚሠራ ሐኪም ጓደኛ አለኝ፤ ወዲያው ደወልኩለት። ክኒኑን ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲጀምሩ፣ ቀናት ባለፉ ቁጥር ጥቅሙ እንደሚቀንስ ነገረኝ። "ከሁሉ በፊት ግን የአፍንጫቸውን ጫፍ እዪ" አለኝ። "ወደ አፍንጫ ጫፍ የሚሄደው ነርቭ ወደ ዓይንም ይሄዳል። እዚያ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካለ ዓይኑም ሳይነካ አይቀርም፤ በፍጥነት ወደ ዓይን ሐኪም አምጪያቸው።" ንፋስ መውጫ ካለ የጤና ባለሙያ ጋርም ተነጋግሮ ክኒኑን አመቻቸልኝ።

ሚኒባሱ ንፋስ መውጫ ሲያወርደኝ ነፋሱ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፎ አንድ ባጃጅ ላይ ጣለው። ባለ ባጃጁ ይህን እንደ ስምምነት ቆጥሮ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ፋርማሲ አድርሶኝ ክኒኑን ያዝኩ፤ ከዚያም መንገዱ እስከፈቀደለት ወስዶኝ ቀሪውን ሽቅብ በእግሬ ወጣሁት። መንገዱን ሁሉ በአሳቤ የማየው አንድ አፍንጫ ብቻ ነበር።

አክስቴ ግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ስማዳ ተድራ ኖራ ባሏ ሲሞት ወደ ወንድሟ ቤት ተመለሰች፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። በዓለም ላይ አባቴን "አንተ" የምትል እሷ ብቻ ናት። መድኃኒትም ታውቃለች።

ልስማት ስጠጋ እጇን ዘረጋችብኝ። "እዚያው ቁሚ! የመንገድ ጥላ ይዘሽ ወዴት ነው?"

ረስቼው ነበር። በእኛ አገር አልማዝ የወጣበት ሰው ላይ መንገደኛ ጥላውን አይጥልበትም፤ ቁስሉን ያመረቅዘዋል ይባላል። መንገደኛው ውጭ ቆይቶ፣ አርፎ፣ አድሮ ነው የሚገባው።

"እቴቴ፣ መድኃኒት ይዤ እኮ ነው የመጣሁ!"

"መድኃኒቱም ያው ከመንገድ ነው የመጣ።"

ሰማዩ ደመና ስለነበር ወደ መሬት እያሳየሁ፣ "እስቲ ጥላዬ የታል?" ብዬ ተከራከርኩ።

"አለ፤ አልታይ ብሎ ነው" አለችኝ።

ይህን የመሰለ መልስ የሚመልስልኝ ፈታኝ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ሳይንስ ጠቀስኩ፤ ፍንክች አላለችም። በመጨረሻ ከቤቱ ጀርባ ወስዳ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። የአባቴ አልጋ ከግድግዳው ወዲያ ስለሆነ በጭቃው ስንጥቅ እንሰማማለን አለችኝ። የቫይረስ ተመራማሪዋ ከበሽተኛው አባቷ ጋር በዚህ መልክ ተገናኘች።

"የኔታ፣ እንዴት ነዎት?"

"መጣሽ? እግዚአብሔር ይመስገን! ይለበልበኛል እንጂ ደህና ነኝ። በይ አሁን ቅጠሉ እንዴት አድርጎ እንደሚሠራ አስረጂኝ፤ ቄሰ ገበዙ እየጠየቀኝ መልስ አጥሮኛል።"

"መጀመሪያ የአፍንጫዎ ጫፍ ላይ..."

"አፍንጫዬ የትም አይሄድ። የተጠየቅሽውን መልሺ።"

አባቴ ጥያቄ ከጀመሩ ሳይጨርሱ ወደ ሌላ አይሄዱም፤ ቶሎ መልሼ ቶሎ ልገላገል አልኩ። ቫይረሱ ልጅ ሳሉ ከወጣባቸው ሽፍታ፣ ከጉድፍ የተረፈ መሆኑን፣ ያኔውኑ ነርቭ ሥር ገብቶ ተኝቶ ቆይቶ አሁን መነሳቱን ነገርኳቸው።

"ከስልሳ ዓመት በላይ? እኔ ውስጥ?"

"አዎ።"

"ዜማ ቤትም አብሮኝ ገብቷል በይኛ?"

"ገብቷል።"

"ያን ሁሉ ዘመን ተቀምጦ አንዲት ምልክት ሳይማር ወጣ" አሉ፤ እውነትም ያዘኑበት ይመስላሉ። "እሺ፣ አንቺ እዚያ ስትመረምሪው ምን ላይ ነው የምታሳድጊው?"

"ሕያው ሕዋስ ላይ ነው የኔታ። ብቻውን አያድግም።"

"የማን ሕዋስ?"

እዚህ ላይ ብዋሽ ይሻለኝ ነበር። "የጦጣ ኩላሊት።"

ቀጥሎ የሰማሁት የአክስቴን ድምፅ ነው፤ ለካ ስታዳምጥ ኖሯል። "ጦጣ? በስመ አብ!"

"ድሮ ከጦጣ ኩላሊት የተወሰደ ነው እቴቴ፤ አሁን በጠርሙስ ነው የሚራባው፤ በዓለም ሁሉ..."

"ቆይ እስቲ" አሉ አባቴ። "ቅጠሉ የጦጣውን ኩላሊት አዳነው?"

"መጠኑ ጥቂት ሲሆን ቫይረሱን ይገታዋል። ሲበዛ ግን ሕዋሱንም ይገድለዋል።"

"ሲበዛ ኩላሊቱንም ይገድለዋል" ብለው ደገሙት፤ ተማሪ የሳተውን ቃል መልሰው እንደሚያሰሙት ነው ያሉት። "ሰው ላይስ?"

"ሰው ላይ ገና አልተሞከረም።"

"እንግዲያ እኔ ለደብሩ ሁሉ ምን ብዬ ነው ያወራሁት?"

"እኔ ምን አውቄ የኔታ! ጠይቀውኛል?"

"ቅጠል ቅጠል ስትዪን ኖረሽ ዛሬ ቅጠሉ ሲፈለግ ክኒን ተሸክመሽ መጣሽ።"

ይሄ አመመኝ፤ እውነትነት ነበረበት። የእኔ ሥራ ገና ጠርሙስ ውስጥ እንዳለ፣ ክኒኑ ግን ሰው ላይ ተፈትኖ ያለፈ መሆኑን ነገርኳቸው። "የአንቺስ መቼ ያልፋል?" አሉኝ። እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ቆዳ፣ የሰው ደም፣ የሰው ጉበት ስንት ዓመት እንደሚያስፈትን ለራሴም አስቤ ደከመኝ።

"አሁን አፍንጫዎን ይንኩልኝ" አልኳቸው።

"አይነካም!" አለች አክስቴ። "ፊቱን ሁሉ ቀብቼዋለሁ። እስከ ዓርብ ጠዋት የሰው እጅ አያርፍበትም።"

የራሷን ቅጠል ወቅጣ ከፀጉራቸው ሥር እስከ አገጫቸው ለጥፋባቸዋለች። እሷም የምትፈራው አላት። አልማዝ ራሱና ጭራው ዞረው ከተገናኙ ሰው ይገድላል ብላ ስለምታምን ማጅራታቸውን ነው የምትጠብቀው። እኔ አፍንጫ ስል እሷ ማጅራት ትላለች፤ ሁለታችንም አንዱን ራስ ከሁለት ወገን ይዘን እንጨቃጨቃለን። የራሱ ባለቤት በመሀል "እኔንም አንዳንዴ ጠይቁኝ" ይላሉ።

በዚህ መሀል ነው ሽታው የመጣልኝ። በስንጥቁ በኩል ሹል ያለ፣ የሚያስነጥስ፣ አፍ ላይ ምሬት የሚያስቀር ሽታ። አወቅኩት። ስፈጨውና ስዘፈዝፈው ከርሜአለሁ። እኔ ጋ በጠርሙሱ ውስጥ ያን ቅጠል ስሞክረው ቫይረሱን ሳይነካ ሕዋሱን ነበር የጨረሰው። ጭማቂው ለዓይን አይሆንም፤ ወደ አበጠችው ዓይን ከገባ ደግሞ ያቆስላታል። አሁን እስከ ዓርብ እዚያ ላይ ሊቀመጥ ነው!

"እቴቴ፣ እባክሽ እጠቢው" አልኳት። አትነኩት አለች። "ዓይኑ ውስጥ ይገባል።" አይገባም አለች። "ቅጠሉ ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ።" "አታውቂውም!" አለች።

በአክስቴ ሕግ መድኃኒት ስሙ አይጠራም። ሲቆረጥ ዝም ተብሎ፣ ሲወቀጥ ዝም ተብሎ፣ ለበሽተኛው ሲሰጥም ዝም ተብሎ ነው። ስሙ በሰው ፊት ከተጠራ ይረክሳል፤ የረከሰ መድኃኒት ደግሞ ከማዳን ይልቅ ስለሚጎዳ ገላ ላይ አይውልም። ይህን ሕግ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን ትዝ ያለኝ ከንዴቴ ጋር ባንድ ላይ ነው። ከድንጋዩ ላይ ብድግ አልኩና አፌን ስንጥቁ ላይ ደቅኜ የቅጠሉን ስም ጠራሁት። ጮክ ብዬ፣ እንደ አዋጅ። አልሰማሁም እንዳትል ደግሜ ጠራሁት፤ እንዳትጠራጠር ደግሞ የሳይንስ ስሙን ጨመርኩበት።

ውስጥ አንድ ዕቃ ወደቀ። "ወይኔ! ረከሰ! በላቲን ጭምር አረከሰችው!" ላቲን መሆኑን በምን እንዳወቀች እንጃ። አባቴ ሳቁ፤ ሳቁና ፊታቸውን ስላመማቸው "እህ" አሉ፤ እንደገና ሳቁ።

የቅጠሉን ስም እዚህ አልጽፈውም። አክስቴ በሚመጣው ጳጉሜን ክብሩ ይመለስለታል ብላ ስለፈረደችለት ሁለተኛ ላላነሳው ቃል አስገብታኛለች።

የረከሰ መድኃኒት ገላ ላይ አይውልምና እየረገመችኝ ውሃ አሙቃ ማጠብ ጀመረች። እኔ ውጭ ቆሜ ውሃው ሲንጠባጠብ እሰማለሁ። "እቴቴ፣ አፍንጫውን እዪልኝ" አልኩ። የውሃው ጠብታ ቆመ። "እቴቴ?"

"ጫፉ ላይ አለ" አለች ዝግ ብላ። "ሁለት። የስንዴ ፍሬ ያካክላሉ።"

ድንጋዩ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በጣም ፈራሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስጨቃጨቅ ፍርሃቴን ረስቼው ነበር። በጭንቅላቴ የመጣልኝ አባቴ መጽሐፋቸውን ከፍተው፣ ገጹን በጣታቸው እየዳበሱ፣ ምንም ሳያዩ ሲቀመጡ ነው።

አክስቴ ዞራ ወደ እኔ መጣች። ፊቴን አየችና ቁጣዋን ተወችው። "አልማዝ ዓይኑን ሊወስድበት ነው?"

"እኔ እንጃ እቴቴ። ክኒኑ አሁን ከተጀመረ ላይወስድባቸው ይችላል።"

ክኒኑን ከእጄ ላይ ትኩር ብላ አየችው። "ስሙ ማነው?"

ልመልስላት አፌን ስከፍት ቅጠል ቅጠል በሚሸተው መዳፏ ግጥም አድርጋ ዘጋችው። "እንዳትጠሪው! ሞኝ! እዚህ አገር የሚያውቀው ሰው አለ?"

የለም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

"የሸጠልሽ ሰውስ?"

እጇን ላላ ስታደርገው፣ "ፋርማሲስቷም አጥርታ አትጠራውም፤ ስትሞክር ምላሷ ተሳሰረባት" አልኳት።

"ጥሩ ነው" አለች አክስቴ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ክኒኑን በአክብሮት ተቀበለችው። ከዚያ ክኒኖቹን ከማሸጊያቸው አንድ በአንድ ፈልቅቃ መድኃኒት በምታኖርበት ቀንድ ውስጥ ከተተቻቸው። ከመንገድ መምጣታቸውን ሳስታውሳት "ክኒን ጥላ የለውም፤ ጥላ ያለሽ አንቺ ነሽ" አለችኝ።

የሚወሰደው በቀን አምስት ጊዜ መሆኑን ስናገር አባቴ በግድግዳው በኩል "ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ!" አሉ በደስታ። "ይህን ክኒን የሠራው ሰው የጸሎት ጊዜያትን ያውቃል።" ሰዓቶቹ መራራቅ አለባቸው ብዬ የመጨረሻውን ወደ መኝታው ጸሎት፣ ወደ ንዋም ለመግፋት ብዙ ደከምኩ። ከጦጣው ኩላሊት ይልቅ በዚህ ነው ያስቸገሩኝ።

በማግስቱ ጥላዬ በርዶ ገባሁና ሳምኳቸው፤ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ይዘናቸው ሄድን። አክስቴ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍና፣ እስከ ንፋስ መውጫ የሚያደርሰንን ባለ ባጃጅ ወደ ኋላ እንዳይዞር አዘዘችው። እሱም ምስኪን፣ ለሰላምታ እንኳ ሳይዞር ነዳ።

የዓይን ሐኪሙ ወጣትና ትሁት ነው። ነጠላውን ገልጦ አየና "እስካሁን ምን ወስደዋል?" ብሎ ጠየቀ። አባቴ ወደ እህታቸው ዞሩ።

"አይነገርም" አለች አክስቴ።

"እማማ፣ ካልነገሩኝ እንዴት አድርጌ ላክማቸው?"

"ከነገርኩህማ አይሠራም።"

እኔ የክኒኑን ካርቶን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄው ነበር። ቀስ ብዬ አውጥቼ ከጠረጴዛው በታች አሳየሁት። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ሲያነብ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

"በልብህ!" ብላ ጮኸችበት አክስቴ።

ሐኪሙ አፉን ገጥሞ በልቡ አነበበ። አንብቦም ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ፤ ትክክል ነው፣ ይቀጥሉበት ማለቱ ነው። ከዚያ የዓይኑን ቆብ በጥንቃቄ ከፈተ፣ ጠብታ ጨመረ፣ በመብራት አየ። ዓይኗ መነካቷን፣ በጊዜ መምጣታችንን፣ ነገር ግን ምን ያህል እንደምታይ እብጠቱ ሳይጎድል ማወቅ እንደማይቻል ነገረን።

ፈቃድ ጠይቄ አገር ቤት ቆየሁ። ክኒኑ በየጸሎቱ ሰዓት፣ ጠብታው በየሰዓቱ። አባቴ ዓይናቸው ተጨፍኖ ተማሪዎቻቸውን በቃላቸው ያስተምሩ ነበር፤ አንዱም ሲስት አላለፉትም። በቤቱ ውስጥ ግን ዓይን የሚለውን ቃል የሚያነሳ ጠፋ። አክስቴ ማጅራታቸውን ማየት ትታ እንደ እኔው አፍንጫቸውን ማየት ጀመረች።

ቅርፊቱ ረገፈ፣ እብጠቱም ጎደለ። አንድ ጠዋት ደጅ አውጥቼ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸውና ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

"የኔታ፣ ግራዎን ይሸፍኑ።"

በመዳፋቸው ሸፈኑ። ቀኟ ቀልታለች፣ ውሃ ታፈሳለች፤ ግን ተከፍታለች። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ መቀነቷን ትፈታለች፣ ትቋጥራለች።

"ምን ያያሉ?"

"አንቺን።"

"ድምፄን ሰምተው እንዳይሆን?"

"ከስተሻል" አሉ።

ይህ ከከተማ ለመጣ ሰው ሁሉ የሚባል ነው፤ ዕውርም ይለዋል። አላመንኩም። "ሌላስ?" አልኳቸው።

ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ብዙ አዩኝ። ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው ከጆሮዬ በላይ ያለውን ፀጉሬን ነኩት። "እዚህ ላይ አንድ ሽበት አብቅለሻል። በዚህ ዕድሜሽ ማነው እንዲህ ያስጨነቀሽ?"

"እርስዎ ነዎታ!" ብዬ ጮህኩባቸው። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።